በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በፍልስፍና ማስተርስ ልማር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለሚኖሩ የተዘጋጀ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ ሂዩማኒቲስ ከሚባሉት ዘርፎች በአንዱ ለመቀጠል ካሰባችሁ አንብቡት። እኔም የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ማስተርሴን በታሪክ ይዤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከዚህ በታች ያሉት የሰፈር ልጆችና የሥራ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

የትኛው ዘርፍ ይሻለኛል?

በዘርፉ ስም አትጀምሩ። በጥያቄያችሁ ጀምሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸኝ ልከታተለው የምችለው ነገር ምንድን ነው በሉ። እሱ ከተገኘ ዘርፉን መምረጥ ይቀላል።

ምሳሌ ላንሳ። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ብዙዎቻችሁ ቢያንስ በስም ታውቁታላችሁ፤ የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ሥራ ነው የሚባል በግእዝ የተጻፈ የፍልስፍና ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከኢትዮጵያ ወደ ፓሪስ የላኩት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባሉ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባሉ ምሁር "የጻፉት ራሳቸው ሚሲዮናዊው ናቸው" ብለው ተከራከሩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ጻፉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

አሁን ከዚህ ታሪክ ውስጥ ቀልባችሁን የሳበው የቱ ነው? "ግእዙ በእርግጥ የ17ኛው መቶ ዘመን ግእዝ ነው ወይስ የኋላ ሰው ግእዝ?" ካላችሁ ፊሎሎጂ፣ ማለትም የጥንት ጽሑፎችን ጥናት ተማሩ። "ሚሲዮናዊው ማን ነበሩ? ደብዳቤዎቻቸው ምን ይላሉ? ያኔ አገሩ እንዴት ነበር?" ካላችሁ የታሪክ ሰው ናችሁ። "ማንም ይጻፈው፣ ስለ ልቦና የተናገረው ነገር ያስኬዳል ወይ?" የሚለው ካልለቀቃችሁ ፍልስፍና ይሻላችኋል። ጽሑፉ አንድ ሆኖ የሚጠየቀው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ዘርፍ መምረጥ ማለት የትኛውን መጠየቅ እንደምትወዱ ማወቅ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ሥራው ቀን በቀን ምን እንደሚመስል እወቁ። ፊሎሎጂ የመረጠ ሰው ውሎው ከብራና ጋር ነው። የአንድን ገድል ሦስት አራት ቅጂ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በፎቶ። አንዱ ጸሐፊ መስመር ዘሏል። ሌላው በ"ሐ" ፋንታ "ሀ" ጽፏል። አንዱ ላይ የመጽሐፉ ባለቤት ስም ተፍቆ በቦታው የሌላ ሰው ስም ገብቷል። ይህን ሁሉ ቃል በቃል መዝግቦ፣ የተሻለውን ንባብ መርጦ፣ ተርጉሞና አብራርቶ ማቅረብ ነው ሥራው። ይህን ስታነቡ ደስ ካላችሁ ተመዝገቡ። ገና ከአሁኑ ከደከማችሁ አይፈረድባችሁም፤ ሌላ ዘርፍ ፈልጉ። ይህን ዘርፍ ለመረጠ ሰው ከከተማው ዳር መኖር ያን ያህል አይጎዳም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከ9,000 በላይ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል። ከነሱ ብዙዎቹን በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ያስነብባል። ማታ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ።

ሥነ ልሳን ሰው እንዴት እንደሚናገር ቀድቶ መተንተን ነው። ሥነ ጽሑፍ ብዙ ማንበብ፣ ደግሞም ቀስ ብሎ ማንበብ ነው። ፎክሎር፣ ማለትም የሕዝብ ትረካና ልማድ ጥናት፣ ከሰው ጋር መቀመጥ ነው፤ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ቡና ላይ።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ይመለከታል። ልትሠሩበት ያሰባችሁት ምንጭ በየትኛው ቋንቋ ነው የተጻፈው? ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለነበረው የጣሊያን ወረራ ለማጥናት ጣሊያንኛ ያስፈልጋል። ያለ ግእዝ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ አይሞከርም። ቋንቋውን አሁን ባታውቁም ለመማር ቆርጣችሁ ከሆነ ጥሩ ነው። "በትርጉም እወጣዋለሁ" ብላችሁ አትግቡ።

ጥሩ የጥናት ርዕስ ከየት ላግኝ?

ከሰፈራችሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ዳር መኖር በታክሲ ሰልፍ ያሰቃያል፤ በርዕስ ግን ያበለጽጋል።

ኮዬ ፈጬን ተመልከቱ። ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት እዚህ ጤፍና ስንዴ ይታረስ ነበር። ካረሱት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም አሉ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ ይኖራሉ። የእያንዳንዱን ጉብታ፣ የእያንዳንዱን ጅረት ስም ያውቃሉ። በየትኛው ዛፍ ሥር ሽምግልና ይቀመጥ እንደነበረ ይነግሯችኋል። እኛ ደግሞ ከመርካቶ፣ ከካዛንቺስ፣ ከአራዳ ተነስተን እድራችንን፣ ማኅበራችንን፣ የለቅሶ ሥርዓታችንን ይዘን መጥተናል። እነዚህ ሁለት ሕይወቶች ሲገናኙ ምን ሆነ? ፎክሎርም ታሪክም ሥነ ልሳንም ለዚህ ጥያቄ የየራሳቸው መልስ አላቸው። እኛ ካልጻፍነው ደግሞ ትልልቆቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

አቃቂና ዱከም አካባቢ ያላችሁ የድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር በደጃችሁ አልፏል። መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በሐዲዱ ዳር ያደጉ፣ በፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንቶች አሏችሁ። ሄዳችሁ አዳምጧቸው።

በዚህ ዙሪያ አፋን ኦሮሞ መቻል ትልቅ ሀብት ነው። ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋችሁ የምትናገሩ ከሆነ ሌላው ተመራማሪ በአስተርጓሚ የሚሰማውን እናንተ በቀጥታ ትሰማላችሁ። የማትችሉ ከሆነ ከዛሬ ጀምሩ።

ርዕሱን ማጥበብ ግን የግድ ነው። "የኮዬ ፈጬ ባህል" ርዕስ አይሆንም። "ከኮዬ ፈጬ እርሻ የተነሱ ቤተሰቦች ስለ ቀድሞ መሬታቸው የሚናገሯቸው ትረካዎች" ይሻላል። "በሦስት ቤተሰቦች ውስጥ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ስለ መሬቱ የሚናገሩት እንዴት ይለያያል" ስትሉ ደግሞ አማካሪያችሁ ቀና ብሎ ያያችኋል። ሰዎቹን ስታነጋግሩ በቅድሚያ ፈቃድ ጠይቁ። የቀዳችሁትንም መልሳችሁ አሰሟቸው። ታሪኩ የነሱ ነው።

አማካሪ እንዴት ነው የሚመረጠው?

ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ አማካሪው ይወስናል። ጥሩ አማካሪ ያገኘ ተማሪ በደካማ ቤተ መጻሕፍትም ይሠራል። የማያነብ አማካሪ የገጠመው ግን ረቂቁን ይዞ ኮሪደር ላይ ይከርማል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት ጥናቶች እጅግ ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲው የቴሲስ ማከማቻ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ከምትፈልጉት ክፍል ሁለት ሦስቱን አውርዳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ። መጀመሪያ ገጽ ላይ የአማካሪው ስም አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የተጠየቀው ጥያቄ በመጨረሻው ምዕራፍ ተመልሷል? የምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት መጻሕፍት በእርግጥ በጽሑፉ ውስጥ ሥራ ሠርተዋል ወይስ ለመሙያ ነው የገቡት? የአንድ አማካሪ ተማሪዎች ሁሉ ተመሳሳይ ጉድለት ካላቸው ልብ በሉ።

ከዚያ ግቢ ሄዳችሁ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጉ። ሻይ ጋብዟቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ "ረቂቅ ካስገባችሁ በኋላ አስተያየት በስንት ጊዜ ይመለስላችኋል?" መልሱ ወራትን የሚቆጥር ከሆነ ደግማችሁ አስቡ። መምህሩን ስታገኙ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሐሳባችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ።

ሥራ ያስገኛል ወይ? ቤተሰቦቼ "አካውንቲንግ ተማር" ይሉኛል።

ወላጆቻችሁን አትቆጧቸው። የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ እያዩ ነው የሚናገሩት፤ ስጋታቸው ትክክል ነው። ስለዚህ በወግ መልሱላቸው።

ማስተርስ ብቻውን ሥራ አያስገኝም። በእጃችሁ ካለ ነገር ጋር ሲገናኝ ግን ይሠራል። መምህር ከሆናችሁ በምታስተምሩት ትምህርት ማስተርስ መያዝ ለደረጃም ለደመወዝም ይጠቅማል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆንም በሩ ማስተርስ ነው። ግእዝ ያነበበ፣ ብራና የሚያውቅ ሰው ለሙዚየምና ለቅርስ ሥራ ይፈለጋል። ጋዜጠኛ፣ አርታኢ፣ ተርጓሚ የሆነ ሰው ደግሞ ሥራው ይሻሻልለታል። በተለይ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና እንግሊዝኛ ሦስቱንም በጥራት የሚጽፍ ሰው ሥራ አያጣም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የሥራ ማስታወቂያ ስታዩ ከደመወዙ በፊት ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅት የሚለውን አንብቡ። "በታሪክ ወይም ተዛማጅ" የሚል ሲሆን ተዛማጅ የተባለው ምን ምን እንደሆነ የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል ነው። እየሠራችሁ የምትማሩ ከሆነ፣ ልትማሩት ያሰባችሁት ዘርፍ ለእድገታችሁ እንደሚያዝላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ። ተምረው ጨርሰው "አይዛመድም" የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ። ያሳዝናል።

እንጀራውን በሌላ ሥራ እያገኛችሁ ይህን ለፍቅሩ ብትማሩም ክብር ነው። ግን ይህን ለራሳችሁ በግልጽ ንገሩት።

የመግቢያ ፈተናው ይከብዳል?

ማስተርስ ለመግባት የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ተማሪው "ጋት" የሚለው ነው። የንባብና የቃላት፣ የሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄዎች አሉት። የእኛን ዘርፍ ሰዎች የሚያስፈራው ሒሳቡ ነው። ነገር ግን የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው፤ መቶኛ፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ ሠንጠረዥ ማንበብ። የልጆቻችሁን ወይም የታናናሾቻችሁን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሳችሁ ሥሩ። የሚጥላችሁ ሰዓት ነውና ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ከዚህ በተጨማሪ ክፍሉ የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊሰጥ ይችላል።

ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ክረምት ላይ ይወጣል። የምዝገባው ጊዜ አጭር ስለሆነ ከሐምሌ ጀምራችሁ የትምህርት ሚኒስቴርንና የዩኒቨርሲቲዎቹን ይፋዊ ገጾች ተከታተሉ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ሁሉ አትመኑ።

ምን ምን ወረቀት ልያዝ?

ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ እንደ ክፍሉ ደግሞ አጭር ፕሮፖዛል። ብዙ ሰው የሚያስረው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ከተመረቃችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ አለበት፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ካለባችሁ ደግሞ እሱን ሳትጨርሱ አይሆንም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁ ጎንደር ወይም ጅማ የጨረሳችሁ ልጆች ይህን አሁኑኑ ጀምሩት። በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የመውጫ ፈተና ወዲህ የተመረቃችሁ ደግሞ ፈተናውን ማለፋችሁ ይታያል።

መደበኛ፣ ማታ፣ ቅዳሜና እሁድ ወይስ ክረምት?

መደበኛ መማር ከቻላችሁ እሱን ምረጡ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መዋል፣ ከመምህር ጋር ኮሪደር ላይ መነጋገር፣ ሴሚናር ማዳመጥ የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ማታ ለእኛ ከባድ ነው። ክፍል የሚለቀቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ስድስት ኪሎ ላይ ያለ ሰው ከዚያ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ወደ ኮዬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሰልፍ ይይዛል። ዝናብ ሲሆን ታክሲው ይጠፋል። ዋጋውም ይጨምራል። ማታ የምትማሩ ከሆነ ከምዝገባ በፊት አንድ ሳምንት ያንኑ መንገድ በዚያው ሰዓት ሄዳችሁ ሞክሩት። አብሯችሁ የሚመለስ የሰፈር ሰው ፈልጉ። ሴቶች በተለይ ይህን አትናቁት። መንገዱ የማያስኬድ ከሆነ ቅዳሜና እሁድ ይሻላል። ልጅ ያላቸው እናቶችም ብዙዎቹ የሚመርጡት ይህንን ነው፤ ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ያለው ያን ጊዜ ስለሆነ።

የክረምት ትምህርት ለመምህራን ነው። ዓመቱ ይረዝማል፤ ሥራችሁን ግን አትለቁም።

በምሥራቅ በኩል ላላችሁ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ከስድስት ኪሎ ይቀርባል። የምትፈልጉት ዘርፍ ካለ እዚያ ጠይቁ። ቅርብ መሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ በየቀኑ መንገድ ላይ የሚቀረውን ጊዜ ለንባብ ታውሉታላችሁ።

የግል ኮሌጅ ልግባ?

ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ዕውቅናውን አጣሩ። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም የሚሰጠው፤ ለትምህርት ዘርፉ፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ነው። ዋናው ካምፓስ ፈቃድ ስላለው ሰፈራችሁ የከፈተው ቅርንጫፍም አለው ማለት አይደለም። በራሪ ወረቀት አይተው ከፍለው፣ በኋላ ማስረጃቸው ተቀባይነት ያጣባቸው ሰዎች አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ።

ስንት ብር ያስፈልገኛል?

ክፍያው እንደ ተቋሙ ይለያያል። ስትጠይቁ የአንድ ክሬዲት ሰዓት ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ምዝገባ፣ የቴሲስ ክፍያና የምረቃ ክፍያ ተደምሮ እስከ መጨረሻው ስንት እንደሆነ ይንገሯችሁ። ከዚያ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ኮፒ፣ ዳታ፣ ሕትመትና ጥረዛ ጨምሩበት። መሥሪያ ቤታችሁ ስፖንሰር የሚያደርጋችሁ ከሆነ ከተማራችሁ በኋላ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለባችሁ ውሉን አንብቡ።

በሌላ ዘርፍ ነው የተመረቅሁት። መቀየር እችላለሁ?

እንደ ክፍሉ ነው። ኢንጂነሪንግ ተምረው ፍልስፍና የሚፈልጉ ልጆች ይመጣሉ፤ ጉጉታቸው ደስ ይለኛል። አንዳንድ ክፍል ተዛማጅ ዲግሪ ብቻ ነው የሚቀበለው። የክፍሉን ኃላፊ በአካል ጠይቁ።

ፒጂዲቲ እና ማስተርስ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ፒጂዲቲ በሌላ ዘርፍ ዲግሪ ያለው ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚወስደው የማስተማር ዲፕሎማ ነው። ማስተርስን አይተካም።

ውጭ አገር ስኮላርሺፕ አለ?

አለ። ቼቭኒንግ በእንግሊዝ አገር የአንድ ዓመት ማስተርስ ያስተምራል። የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱ ደግሞ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ አለባችሁ። ኢራስመስ ሙንዱስ ቢያንስ በሁለት አገር እየተዘዋወራችሁ የምትማሩበት ነው። በጀርመን ሃምቡርግ የኢትዮጵያ ጥናት ከግእዝ ጋር ይሰጣል፤ ለፊሎሎጂ ሰው ትልቅ ቦታ ነው። ለደላላ አትክፈሉ። የቼቭኒንግ ማመልከቻ በነፃ ነው።

ለእኛ ጠንካራው ነገር ርዕሳችን ነው። ከለንደን ሆኖ ማንም የማይደርስበትን የሰፈራችሁን ጥያቄ በማመልከቻችሁ ላይ በዝርዝር ጻፉ።

"ቴሲስ እናማክራለን" የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። ልክፈላቸው?

አትክፈሉ። በየግቢው በር ላይ፣ በየኮፒ ቤቱ፣ በየምሰሶው ተለጥፈዋል። ማማከር ይሉታል እንጂ ጽፎ መሸጥ ነው። ሌላ ሰው በጻፈው ቴሲስ ዲፌንስ ላይ የቆመ ተማሪ አይቻለሁ። ፈታኙ "ይህን ምንጭ ለምን መረጥክ?" ሲለው ዝም አለ። ያ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። አማካሪው ረስቶት፣ ጊዜ አልቆበት፣ ተጨንቆ ነው ያደረገው። በዚህ ዘርፍ ያለን ነገር ማንበብና መጻፍ ብቻ ነው። እሱን ለሰው ከሰጣችሁ የተማራችሁት ምንድን ነው? ከተጨነቃችሁ የክፍሉን ኃላፊ አነጋግሩ፣ አንድ ሴሚስተር አራዝሙ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) የተጻፈላችሁንም እንደ ራሳችሁ ጽሑፍ አታቅርቡ።

እንግሊዝኛ ከሆነ የሚያስፈራችሁ፣ በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ቴሲስ በአማርኛ እንደሚጻፍ እወቁ። ሌላ ክፍል ከገባችሁ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራችሁ በሳምንት ሁለት ገጽ ጻፉና ለጓደኛ አስነብቡ።

ለመዘጋጀት የት ላንብብ?

አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። የድሮ ጋዜጦችና ደብዳቤዎች የሚፈልግ ሰው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይሂድ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ግን ለእኛ ዘርፍ አቻ የለውም። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ ነገር ስትፈልጉ መጀመሪያ የምትጠይቁት እዚያ ነው። ተማሪ ካልሆናችሁ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ በሩ ላይ ጠይቁ፤ መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ መሄድ ይሻላል። ከኮዬ የሚመጣ ሰው ቅዳሜ በጠዋት ይነሳ፤ ከሰዓት በኋላ መመለሻው ይጨናነቃል።